ከቪቴው ጀርባ ያለው እንጨት

ላሜሪስቱ ከመኪናው ኋላ የተገጠመውን መሰላል በአንድ እጁ ይዞ ሳብ ሲያደርገው መሰላሉ ሳያንገራግር ተከተለው። የላይኞቹ ሁለት እግሮች ከግድግዳው የጣት ያህል ራቁ፤ ከቀዳዳው ቡናማ ውሃ ጠብ አለ። ባለቤቱ ካቻቪቴ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። «አጥብቅልኝ ብዬ ጠራሁህ እንጂ ንቀልልኝ አላልኩም» አሉት፣ ቀልድም ቁጣም ባለበት ድምፅ። እሱ መልስ ሳይሰጥ አንዱን ቪቴ በጣቱ ብቻ ስቦ አወጣና መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያቸው። ጥርሱን ዝገት በልቶታል፤ በጥርሱ መሃል ተጣብቆ የወጣው እንጨት ሲነካ እንደ ቡና አተላ ይፈርሳል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ይዞ ነው የሚጠብቀው?»

ቦታው አውሮራ ነው፤ ከዴንቨር ጎን ያለች፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የማይጠፋባት የኮሎራዶ ከተማ። መኪናው እ.ኤ.አ. የ1994 ስሪት ሞተርሆም ነው፤ እዚያ የሚኖረው ሰው «አርቪ» ይለዋል። ፊቱ ፎርድ ኢ-350 ነው፤ ከሹፌሩ ወንበር በስተኋላ ግን አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት ያለው ቤት ተጭኖበታል። ባለቤቱ መጀመሪያ ታክሲ፣ ኋላም ከግዛት ግዛት የሚጓዝ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ቢወጡም መንገዱ ከልባቸው አልወጣም። አርቪውን የገዙት በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ ወደሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ቤተሰባቸውን ጭነው ለመሄድ ነው። ውድድሩን የሚያዘጋጀው ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ከተመሠረተ ወዲህ በዚያ ሳምንት፣ በዚያ ከተማ፣ ሆቴል ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ሐሳባቸውን ይረዳል።

እስከ ውድድሩ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የላላው ነገር ግን ብዙ ነው። መሰላሉ ይነቃነቃል። በጎን በኩል የሚዘረጋው የሸራ ጥላ የታችኛው ክንዱ ከግድግዳው እየተላቀቀ ነው። ከግንባሩ በላይ ከተደረደሩት አምስት ቢጫ መብራቶች ሁለቱ በሽቦአቸው ተንጠልጥለዋል። የአንዱ ዕቃ ማስቀመጫ በር በገመድ ታስሯል። ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበትን ጠርዝ የያዘው የአሉሚኒየም ማቀፊያ ደግሞ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ያፏጫል። ለዚህ ሁሉ ባለቤቱ ያዘጋጁት አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ ፓኮ ቪቴና ጥቂት ሲሊኮን ነው።

ላሜሪስቱ አዲስ አበባ ውስጥ ካሮሴሪያ ቤት ሲሠራ ያደገ ሰው ነው። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ የሚሠራውን ቅጥቅጥ ያውቃል፦ ቱቦላሬው ይበየዳል፣ ላሜራው በላዩ ይለብሳል፣ ወንበሩም የዕቃ መጫኛውም ከብረት ላይ ይታሰራል። እንዲህ ባለ አውቶቡስ ላይ አንድ ነገር ከላላ ወይ ብየዳው ለቋል፣ ወይ ዳዶው ወልቋል፤ ሁለቱም በዓይን ይታያሉ። ስለዚህ የመሰላሉን ቀዳዳ በባትሪ ሲያይ ብረት ጠብቆ ነበር። ያየው እንጨት ነው፤ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ የጥድ እንጨት።

ብዙ የቆዩ አርቪዎች የተሠሩት እንዲሁ ነው። ከቀጫጭን ጣውላ የግድግዳ አጽም ይገጣጠማል፤ በውስጥ በኩል ስስ ኮምፔርሳቶ ይመታበታል፤ መሃሉ በፋይበርግላስ ሱፍ ወይም በስታይሮፎም ይሞላል፤ በውጭ በኩል ከ1 ሚሊ ሜትር የሳሳ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ በስቴፕል ይያዛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ መሰላሉም ጥላውም መብራቱም እጀታውም፣ በቆርቆሮው አልፎ እንጨቱን በሚነክስ ቪቴ ነው የሚቆመው። ቆርቆሮው ራሱ ምንም አይሸከምም። ሸክሙን የያዘው ዓይን የማያየው ጣውላ ነው።

ይህን አሠራር ንቆ ማለፍ ግን አይገባም። የአሜሪካ አርቪ በብዛት የሚሠራው በኢንዲያና ግዛት በኤልክሃርትና በአካባቢዋ ነው። ሌላዋ ስመ ጥር ከተማ የአዮዋዋ ፎረስት ሲቲ ስትሆን፣ ዊኔባጎ የተባለው ድርጅት የተነሣው ከእሷ ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1958 ያቋቋመው ጆን ሃንሰን ሲሆን፣ መጀመሪያ በመኪና የሚጎተቱ ቤቶች ሠርቶ በ1966 ወደ ሞተርሆም ገባ። ዊኔባጎ ቀጭን አሉሚኒየም፣ ስታይሮፎምና የእንጨት ገጽ አጣብቆ እንደ አንድ ሰሌዳ የሚያቆም ግድግዳ ይዞ መጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1930ዎቹ ኤርስትሪም ተጎታች ቤቶቹን እንደ አውሮፕላን ገላ በሪቬት የተያያዘ አሉሚኒየም ሲያለብስ ነበር። ርካሹ መንገድ ግን ጣውላና ቆርቆሮ ሆኖ ቆየ። እንጨት ቀላል ነው፣ በፍጥነት ይመታል፣ ሙቀት ብዙ አያሳልፍም፤ ሻንሲው የሚሸከመው ክብደት የተወሰነ ስለሆነም ከገላው ላይ የሚቀነስ እያንዳንዱ ኪሎ ለተሳፋሪና ለውሃ ይተርፋል። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይህ እንጨት የሠራውን ሰው ዕድሜ ሊያልፍ ይችላል። ጠላቱ ውሃ ብቻ ነው፤ ውሃው ደግሞ የሚገባው ራሱ ቪቴው በከፈተው ቀዳዳ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ማንም ልብ ከማይለው ነገር ነው። በጠርዙ ማቀፊያ ላይ የቪቴዎቹን ራስ የሚሸፍን፣ ወደ 1 ኢንች የሚሰፋ የፕላስቲክ ጥብጣብ አለ። ፀሐይ ሲበዛበት ይደርቃል፣ ያጥራል፣ ከጎድጓዳው ይወጣል። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ጥብጣቡ ሲያጥር ዝናቡ የቪቴዎቹን ራስ ያገኛል። ከማቀፊያው ሥር ያለው የቆየ ማሸጊያ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ውሃው የቪቴውን ጥርስ ተከትሎ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ቪቴው ይዝጋል፤ በዙሪያው ያለው እንጨት ይርሳል። ቪቴው መያዣ ሲያጣ ማቀፊያው ይላላል፤ ማቀፊያው ሲላላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ የሚቀጥለው ዝናብ ከመጀመሪያው የበለጠ ይገባል።

የሙቀት መለዋወጥም አለ። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት በእያንዳንዱ ሜትር 23 ማይክሮ ሜትር ያህል ይለጠጣል። ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በክረምት ሌሊት ከዜሮ በታች 15 የወረደ፣ በበጋ ቀትር ፀሐይ ላይ 55 የደረሰ 8 ሜትር የጣሪያ ጠርዝ ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል። ሥሩ ያለው እንጨት በርዝመቱ የሚንቀሳቀሰው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው ቪቴ በየቀኑ ወዲህና ወዲያ ይገፋል። በዚያ ላይ የመንገድ ንዝረትና ነፋስ ይጨመራል፤ የነፋስ ግፊት ደግሞ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ በአራት እጥፍ ያድጋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ዝም ያለ ማቀፊያ በ100 ለምን እንደሚያፏጭ ከዚህ ወዲያ መጠየቅ አያስፈልግም።

እንግዲህ የላላ ነገር ባየ ቁጥር ካቻቪቴ የሚያነሣ ሰው የሚያክመው ምልክቱን ነው። ይባስ ብሎ፣ በበሰበሰ እንጨት ላይ ቪቴ ማጥበቅ የቀረውን ጥቂት ደህና እንጨት ጭምር ይፈጨዋል።

ባለቤቱ ይህን ወዲያው አልተቀበሉም። «እኔ እኮ ከገዛሁት ወዲህ አንድም ጠብታ ውስጥ አልገባም» አሉ። ላሜሪስቱ ከሹፌሩ ራስ በላይ ወዳለው አልጋ ወጣ፤ ፍራሹን ገፋ አድርጎ የማዕዘኑን ግድግዳ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ግድግዳው ገባ አለ። የግድግዳ ወረቀቱ አዲስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ኮምፔርሳቶ ግን እንጀራ ሆኗል። ጠብታ ያልታየው ውሃው በግድግዳው መሃል ሱፉን እያራሰ ስለሚወርድ ነው። እንዲህ ዓይነት አርቪ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚበሰብሰው ይህ ከሹፌሩ በላይ ወደ ፊት የወጣው ክፍል ነው፤ ነፋስና ዝናብ ፊት ለፊት ይመታዋል፣ ብዙ ስፌት አለው፣ በግንባሩም ለአምስቱ መብራቶች አምስት የሽቦ ቀዳዳ ተበስቶበታል።

መብራቶቹ ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። የአሜሪካ ሕግ ስፋታቸው 80 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ የሆነ ተሽከርካሪዎች ከፊት ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ከፍ አድርገው እንዲያበሩ ያዛል፤ መሃል ላይ ሦስት፣ በሁለቱ ጫፍ አንድ አንድ። ስለዚህ ነቅሎ ቀዳዳውን መድፈን አይቻልም። ላሜሪስቱ ሁሉንም አውልቆ በኤል.ኢ.ዲ. ተካቸው፤ የሽቦውን ቀዳዳ በማሸጊያ ደፈነ፤ የመብራቱን ዙሪያ ሲያሽግ ግን ላዩንና ሁለቱን ጎን ብቻ አሸገ፣ የታችኛውን ጠርዝ ክፍት ተወው። የገባ ውሃ መውጫ ሊኖረው ይገባል። ጎረቤት መጥቶ «ይቺን ረሳሃት» ቢለውም አልሰማውም።

ቪቴዎቹን መንቀል ራሱ ሥራ ነበር። የአርቪ ቪቴ ራሱ በብዛት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ነው፤ ካናዳዊው ፒተር ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣው ዓይነት። ፋብሪካ ይወደዋል፤ ከመሣሪያው ጫፍ ላይ አይወድቅም፣ አይንሸራተትም። የባለቤቱ ካቻቪቴ ግን ከአንዱም አልገባ አለ። ተገቢው ጫፍ ተገዝቶ ሲመጣም የዛገው ቪቴ ራሱ ተቆርጦ አካሉ ውስጥ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ያኔ ከጎኑ አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት በፊት የቀረውን በፒንሳ ይዞ ማዞር፣ እምቢ ካለም እዚያው ትቶ ቀዳዳውን መድፈን ነው። ከብረት ጋር የሚደረግ ግብግብ ስሱን ቆርቆሮ ይቀድዳል።

ማቀፊያው ከወረደ በኋላ ረጅሙ ሥራ መጣ፦ ማጽዳት። ከማቀፊያው ሥር የነበረው ተለጣፊ ማሸጊያ፣ ቡቲል፣ በቀለም ማቅጠኛ ይለቃል፤ ነገር ግን ጣሪያው ጎማ ከሆነ ይህ ፈሳሽ እንዳይነካው መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የነዳጅ ተዋጽኦ ጎማውን ያሳብጠዋል። ቀሪውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ በፕላስቲክ መፋቂያ መፋቅ ነው። የብረት ቢላ አሉሚኒየሙን ይቧጭራል።

እዚህ ላይ ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሲሊኮን ለመታጠቢያ ቤት ጥሩ ነው። ለአርቪ ውጭ ግን፣ ያገለገለ መኪና ሻጮች ቢወዱትም፣ እኔ አልመክርም። የሚፈጥረው ሽፋን ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ ግን ከአሉሚኒየሙ ቀስ ብሎ ይለቅና ውሃን እንደ ኪስ ይዞ ያስቀምጣል። ዋናው ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፦ ሲሊኮን ባረፈበት ቦታ ላይ ሌላ ማሸጊያ አይያዝም፣ ቀለምም አይያዝም፤ አዲስ ሲሊኮን እንኳ በአሮጌው ላይ በደንብ አይጣበቅም። ለወደፊቱ ጠጋኝ የሚተወው ሥራ ከራሱ ከጥገናው ይበልጣል። ባለቤቱ የገዟቸው ቱቦዎች ወደ ሱቅ ተመለሱ፤ በምትካቸው ቡቲል ቴፕና ለጣሪያ የሚሆን ራሱን የሚያስተካክል ማሸጊያ መጣ።

ከዚያ እንጨቱ። ላሜሪስቱ በወስፌ እያንዳንዱን ቀዳዳ ወጋ፤ ጠንካራ የሆነውን በጠመኔ አንድ ምልክት፣ የለሰለሰውን ሌላ ምልክት አደረገበት። የእርጥበት መለኪያም ተዋሰ። እንጨትን የሚበላው ፈንገስ የሚሠለጥነው እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ሲጠጋ ነው፤ ከ20 በመቶ በታች ከተያዘ አይነሣም። በመሰላሉ ዙሪያ መለኪያው ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ አነበበ። ባለቤቱ በዚያው ቀን እንዲደፈን ፈለጉ፤ ላሜሪስቱ እምቢ አለ። እርጥብ እንጨት ላይ የፈሰሰ ኢፖክሲ፣ ማለትም እንጨት የሚያጠነክረው ሙጫ፣ አይጣበቅም፤ እርጥበቱንም ውስጥ ያሽገዋል። ማቀፊያው ተነሥቶ፣ ማራገቢያ ተደርጎ፣ በኮሎራዶ ደረቅ አየር እንዲቆይ ተደረገ። በዚህ በኩል የኮሎራዶ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው፤ በሲያትል ወይም በሂዩስተን ቢሆን ይህ ጥበቃ ይረዝማል። ሌላ ችግር ግን አለባቸው፦ በረዶ። ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ በበረዶ ዝናብ የታወቀ ነው፤ የተከፈተ ጠርዝ በሸራ ሳይሸፈን አይታደርም።

እንጨቱ ሲደርቅ ሦስት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ደህና የሆነው፣ ቀዳዳው ብቻ የሰፋው፣ በሙጫና በጠንካራ እንጨት ቁርጥራጭ ተደፍኖ ከቀድሞው አንድ ቁጥር የሚወፍርና የሚረዝም ቪቴ ተደረገለት። ረጅም ቪቴ ከመክተት በፊት ግን ከኋላው የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የውሃ ቱቦ አለመኖሩን ማየት ግድ ነው። ለስልሶ ቅርፁን ያልለቀቀው ስስ ኢፖክሲ ጠጣ፤ ይህ ፈሳሽ በእንጨቱ ጅማት ውስጥ ሰርጎ ይጠነክራል፤ ከዚያ ቀዳዳው በወፍራሙ ኢፖክሲ ተሞልቶ፣ ሲደርቅ በቀጭን መብሻ አዲስ ተበሳ። በጣት የሚፈርሰው ግን ማንም አያድነውም፤ ተቆርጦ ይወጣል። የቆርቆሮው ጠርዝ ስቴፕሉ ተነቅሎ በቀስታ ተገለጠ፤ የበሰበሰው ጣውላ እስከ ደህናው ድረስ ተቆርጦ አዲስ ቁራጭ በሙጫና በቪቴ ተቀጠለ። ባለቤቱ «አይበሰብስም» ተብሎ የሚሸጠውን በመድኃኒት የተነከረ ጣውላ አምጥተው ነበር። ላሜሪስቱ መለሰላቸው። ያ መድኃኒት መዳብ አለበት፤ መዳብ አሉሚኒየምን ይበላል። ተራ ደረቅ ጥድ ይሻላል።

በጥላው ክንድ ላይ ሥራው ሌላ ነበር። የሸራ ጥላ ሲዘረጋ ነፋስ የሚያገኝ ሸራ ነው፤ ያን ሁሉ ጉልበት የሚቀበሉት ጥቂት ቪቴዎች ናቸው። የላይኛው ሐዲድ ደህና ነበር። የታችኛው ክንድ የተያዘበት ጣውላ ግን ወለሉ ድረስ ለስልሷል። ቪቴ እዚያ አይበቃም። አዲስ ጣውላ ከተቀጠለ በኋላ በውስጥ በኩል፣ በቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ተደረገ፤ ብሎኑ ከውጭ እስከ ውስጥ አልፎ በሮንዴላና በዳዶ ታሰረ። አሁን ጉልበቱ በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በሰሌዳው ሙሉ ይከፋፈላል። ይህን ሥራ ለሚሞክር ማስጠንቀቂያ አለ፦ በእጅ የሚዘረጋው ጥላ የሚጠቀለልበት ቱቦ ውስጥ የተጠመዘዘ ኃይለኛ ሞላ አለ። ሳይቆለፍ ጫፉ ከተፈታ ዞሮ እጅ ይሰብራል። ያን ክፍል ለባለሙያ መተው ውርደት አይደለም።

የዕቃ ማስቀመጫውን በር ለማውራት ብዙም የለኝም። ማጠፊያው ደህና ነበር፣ መቀርቀሪያው ተሰብሯል፤ አዲስ ተገዛ፣ ገመዱ ተጣለ።

ማቀፊያው ሲመለስ ሥርዓት አለው። ከኋላው ሙሉ ርዝመቱን 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቡቲል ቴፕ ይለጠፋል። ቪቴው ከመሃል ተጀምሮ ወደ ጫፍ ይገባል፤ ቡቲሉ በሁለቱም ጎን ጥቂት ሲወጣ ማጥበቅ ይቆማል። በኃይል ያጠበቀ ሰው ማሸጊያውን ሁሉ ጨምቆ አውጥቶ ባዶ ብረት ከብረት ያጋጥማል። ፀሐይ ካሞቀው በኋላ ተመልሶ ጥቂት ማጥበቅ፣ የተረፈውን በፕላስቲክ ቢላ መቁረጥ ነው። ቪቴዎቹ ከማይዝግ ብረት ነበሩ፤ የማይዝግ ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካካና ጨዋማ ውሃ ሲያገኝ ግን የሚበላው አሉሚኒየሙን ነው። ኮሎራዶ በክረምት መንገዱ ላይ ማግኒዚየም ክሎራይድ ስለምትረጭ ይህ እዚያ ተራ ስጋት አይደለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቪቴ ጥርሱ በማሸጊያ ተነክሮ ገባ። አዲሱ ጥብጣብ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከለሰለሰ በኋላ ሳይወጠር ገባ፣ ጫፉም ትርፍ ተተወለት። የወጠረው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ክፍተት ያገኛል።

መሰላሉ ግን አልተመለሰም። በዚህ ላይ ክርክር ነበር። ባለቤቱ መሰላል የሌለው አርቪ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ላሜሪስቱ ስሌቱን አቀረበ፦ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት መሰላሎች የተፈቀደላቸው ሸክም 113 ኪሎ ግድም ነው፤ ከባድ ሰው መሣሪያ ይዞ ሲወጣ ወሰኑ ላይ ይደርሳል፤ ሸክሙ ደግሞ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም ይስባል፤ ስምንት ቀዳዳ በዓመት አንዴ ለሚወጣ ሰው። ተጣጣፊ መሰላል በዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ይገባል፤ ግድግዳም አይበሳም። ባለቤቱ ተቀበሉ። ቀዳዳዎቹ ተደፍነው በላያቸው ቡቲል ያለበት ቀጭን የአሉሚኒየም ሰሌዳ ተመታ። እኔም ከላሜሪስቱ ወገን ነኝ። በቆየ አርቪ ላይ ያሉት የውጭ ተገጣሚዎች ሁሉ መመለስ አለባቸው የሚል ሕግ የለም፤ የማያገለግል የቴሌቪዥን አንቴና፣ ባዶ የዕቃ መጫኛ፣ የተሰበረ መቆሚያ፣ ሁሉም የውሃ በር ናቸው።

በመጨረሻ የውሃ ጎማ መጣ። ሲፈተሽ ውሃው የሚለቀቀው ከታች ተጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ከተጀመረ የፈሰሰበት ሁሉ ስለሚርስ የገባበት ቦታ አይለይም። አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጣል። ባለሙያ ጋራዦች ሌላ ዘዴ አላቸው፦ በጣሪያው የአየር መውጫ ላይ ማራገቢያ ገጥመው ቤቱን በአየር ይነፉታል፣ ውጭውን ሳሙና ይቀቡታል፤ አረፋ የተነሣበት ቦታ ቀዳዳ ነው። እነዚህ ጋራዦች ለአንድ ሰዓት ሥራ ከ100 ዶላር በላይ መጠየቃቸው የተለመደ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ጥገና ደግሞ ሰዓቱ የሚያልቀው በማጽዳትና በማድረቅ ነው። ዋጋው ከመኪናው ዋጋ በላይ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው የቆየ አርቪ ባለቤት ሁሉ ቀስ በቀስ ግማሽ አናጢ የሚሆነው።

ያገለገለ አርቪ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ከሹፌሩ ራስ በላይ ወዳለው አልጋ ውጡና ማዕዘኖቹን በአውራ ጣት ተጫኑ። ከመስኮቶቹ ሥር፣ በቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከኋላ መሰላሉ ትይዩ ያለውን ግድግዳም እንዲሁ። ውጭ ወጥታችሁ ጥብጣቡ ከማቀፊያው ወጥቶ እንደሆነ እዩ፤ መሰላሉን ያዙና ሳብ አድርጉት። ጠርዙ ሁሉ አዲስ ነጭ ሲሊኮን ከተቀባ ሻጩ ከሥሩ ምን እንደነበረ ያስረዳችሁ። ማስረዳት ካልቻለ ወይ የጣውላውን ሥራ ከዋጋው ላይ ይቀንስ፣ ወይ ሌላ መኪና ፈልጉ።